ጣይቱ ማለት ፀሐይ ነው እንጂ ጣዕም አይደለም፦ ስለ ብርቅ ስሞች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስንት ሰው እንደላከልኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ብርቅ እየሆኑ ስለመጡ የሴት ስሞች የሚያወራ ነው፣ ብዙ ስም ያነሳል፣ በሌሎቹ ላይ የምለው የለኝም፤ ጣይቱ ጋ ሲደርስ የተጻፈው ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ልክ አይደለም። ለኔ የተላከልኝ ልጄ ጣይቱ ስለምትባል ነው። አንዷ ጓደኛዬ «አንብቢውና ተይው» ብላ ነው የላከችልኝ፣ አነበብኩት፣ መተው ግን አቃተኝ፣ ምክንያቱም ነገ አንዷ እርጉዝ የዚህን ስም ትርጉም ጎግል ላይ ስትፈልግ የምታገኘው ይሄንኑ ነው፣ አምናም ትተወዋለች።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ጣይቱ ትርጉሙ በውል የማይታወቅ ስም ነው፣ ምናልባት ጣዕም ከሚለው ቃል የመጣ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ያለችው «ቱ» አማርኛ ስላልሆነች ስሙ ከኦሮምኛ የተወሰደ ነው። ለእቴጌዋ ሲነግሡ የወጣላቸው የንግሥና ስም ነው እንጂ ሌላ ሰው የሚጠራበት አልነበረም። ዛሬ የማይሰማው ሰው ስለማይወደው ነው፣ ማስረጃውም አሜሪካ በየዓመቱ በሚወጣው የሕፃናት ስም ሊስት ውስጥ አለመኖሩ ነው። በመጨረሻም ውጪ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ለልጁ ስለሚከብደው ባያወጡት ይሻላል ብሎ ይመክራል። አምስት ነጥብ ነው፣ በተራ እሄድበታለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ብዙ አወራለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ትርጉሙ አይታወቅም ለሚለው። እኔ ይሄን ቃል ስም መሆኑን ሳላውቅ በፊት ነው የለመድኩት። አያቴ የጋይንት ሰው ነች። በርበሬ በሚሰጣበት ሰሞን ደጅ ላይ ሰሌን ትዘረጋና ቀዩን ዛላ ታሰጣለች፣ ዶሮ እንዳይጭረው ጠብቂ ብላ እኔን አጠገቡ ታስቀምጠኛለች። የቤቱ ጥላ ቀስ እያለ መጥቶ የሰሌኑን ጫፍ ሲነካው እኔ ጨዋታ ይዤ አላየውም፣ እሷ ግን ጓዳ ሆና ታውቀዋለች፣ «አንቺ ልጅ፣ ጣይቱ ሄደች እኮ፣ ጎተት አድርጊው!» ትለኛለች። ሰሌኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ እጎትታለሁ፣ የደረቀው ዛላ እየተንሿሿ ይከተለኛል፣ ብርሃኑ ላይ ሳደርሰው ያ የሚያስነጥስ ሽታው ወዲያው ይነሳል። ማታ ማታ ደግሞ «ጣይቱ ሳትጠልቅ አስገቡት» ነው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት «ትንሽ ጣይ ልሙቅ» ትልና ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ራሴን ካመመኝ «ጣይ መትቷት ነው»። ስለዚህ አራተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ እቴጌ ጣይቱ ብሎ ሲጽፍ ትርጉሙን ማንም አላስረዳኝም፣ ማስረዳትም አላስፈለገም፣ ፀሐይ እንደሆነ አውቅ ነበር። ጎጃምም ሆነ ወሎ ገጠር ወጣ ብሎ ትልልቅ ሰው ሲያወራ ያዳመጠ ሰው ጣይን ሰምቷታል።

ነገሩ የአያቴ አነጋገር ብቻ እንዳይመስል ቃሉ እንዴት እንደመጣ ላሳያችሁ። ግእዙ ፀሐይ ነው። በአማርኛ አፍ ላይ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛው ጸ ወደ ጠ መሄዷ ነው፣ ጾም ጦም ይባላል፣ ጸሎት ጠሎት፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጽዋ ጥዋ፣ የጸዳ ልብስ የጠዳ ልብስ። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ስንት አገር ያለ ሰው ሲናገርበት የኖረ አማርኛ ነው፣ ከተማ ያደግን ሰዎች «ጸ» ብለን ስለተማርን ብቻ የገጠሩን እንደ ስህተት እንቆጥረዋለን። ሁለተኛው የጉሮሮዋ ሐ መውደቋ ነው። ጸሐፈ የሚለውን ውሰዱት፣ ሐ ስትወድቅ ጻፈ ይሆናል፣ ጸ ወደ ጠ ስትሄድ ደግሞ ጣፈ ይሆናል፣ ገጠር «ደብዳቤ ጣፈልኝ» የሚባለው ይሄ ነው። ፀሐይን በዚሁ መንገድ ስትወስዱት ፀሐይ፣ ፃይ፣ ጣይ። አንድ ልጨምር፣ በግእዝ ጽሕድ የሚባለው ዛፍ ዛሬ ሁላችንም ጥድ የምንለው ነው፣ እሱም ላይ ሁለቱ ለውጦች አንድ ላይ ደርሰውበታል፣ ሕ ወድቃለች ጽ ደግሞ ጥ ሆናለች። ጥድን ትርጉሙ የማይታወቅ ቃል ነው የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፣ ጣይም ያው ነች፣ የጥድ እኅት ነች።

ጣዕም የሚለው መላ ደግሞ ቃሉን ቀረብ ብለው ሲያዩት አይቆምም። ጣዕም ዐ ስትወድቅበት ጣም ነው የሚሆነው፣ ወጡ ጣመኝ፣ ነገርህ አይጥምም እንላለን፣ «ም» የትም አትሄድም ምክንያቱም የቃሉ ሥር ናት። ከጣዕም የወጣ የሴት ስም ቢኖር ጣዕሚቱ ወይ ጣሚቱ ነበር የሚባለው። ጣይቱ ላይ ም የለችም፣ ጣዕም ላይ ደግሞ ይ የለችም። አንዷ ወዴት ሄደች፣ ሌላዋ ከየት መጣች የሚለውን ጽሑፉ አልነካውም፣ ሁለቱም በጣ ስለሚጀምሩ ብቻ አገናኛቸው። ስም ትርጉም ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር በጣም ነው የበዛው፣ አንድ ሰው የመሰለውን ይጽፋል፣ ሌላው ኮፒ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ «ምናልባት» የምትለዋ ቃል ትወድቅና እርግጥ ሆኖ ቁጭ ይላል። የተናደድኩትም ለዚህ ነው።

ቱ አማርኛ አይደለችም ለሚለው። ይሄኛው በጣም ነው የደነቀኝ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ራሱ ሁለት ቦታ ላይ «አገሪቱ» ብሏል። አገሪቱ፣ ከተማይቱ፣ ምድሪቱ፣ ሴቲቱ፣ ልጅቱ፣ ላሚቱ፣ ጨረቃይቱ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ይቺ «ቱ» አማርኛ በሴት የሚጠራውን ነገር ያችው የምታውቋት፣ ያች አንዷ እያለ የሚጠቁምባት ናት። ፀሐይ ደግሞ በአማርኛ ሴት ነች፣ ወጣች፣ ጠለቀች፣ ከረረች እንላለን። ስለዚህ ጣይ ላይ ቱ ስትጨመር ጣይቱ፣ ፀሐይቱ፣ ያችው ፀሐይ ማለት ነው። ቱ የስሙ ጌጥ አይደለችም፣ ትርጉም አላት። ልጅን ፀሐይ ብሎ መጥራትና ጣይቱ ብሎ መጥራት ልዩነት አለው፣ ሁለተኛው ሰማይ ላይ ያለችውን አንዷን በጣት እያሳዩ እንደ መጥራት ነው።

እንደዚህ ተሠርቶ የወጣ ስም ደግሞ ሞልቷል። ዘውዲቱ ዘውድ ነች፣ ማሪቱ ማር፣ ጠጅቱ ጠጅ፣ ሻሺቱ ሻሽ፣ ወይኒቱ ወይን። ዘውዲቱ ማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፣ የምኒልክ ልጅ፣ ከ1909 እስከ 1922 ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዙፋን ላይ የተቀመጡ። በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ የእንጀራ እናትየዋ ጣይቱ፣ ልጅየዋ ዘውዲቱ፣ ሁለቱ ስሞች በአንድ እጅ እንደተፈተለ ድርና ማግ ናቸው። ዘውዲቱ ላይ ያለችው ቱ ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም፣ ጣይቱ ላይ ስትሆን ለምን ባዕድ እንደምትሆን አይገባኝም።

ኦሮምኛ ቢሆን ደግሞ የምጠላበት ምክንያት የለኝም፣ ይሄንን ከልቤ ነው የምለው። ኦሮምኛም በቱ የሚያልቁ የሚያማምሩ የሴት ስሞች አሉት፣ ጫልቱ አለ፣ ቦንቱ አለ። ነገር ግን ኦሮምኛ ሴት ልጁን በፀሐይ ሲጠራ የራሱ ቃል አለው፣ ቢፍቱ ይላታል። ትግርኛ ደግሞ ፀሃይቱ ይላል፣ ኤርትራዊቷን ድምፃዊት ፀሃይቱ በራኺን ክራር የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሦስት ጎረቤት ቋንቋ፣ ሦስቱም ሴት ልጃቸውን ፀሐይ ብለው ጠሩ፣ ሦስቱም ላይ መጨረሻ ላይ ቱ ይሰማል፣ ግንዱ ግን የየራሳቸው ነው። ስሙ የማን ነው የሚባለው በግንዱ ነው እንጂ በቅጥያው አይደለም። ጽሑፉ ለስሙ ባለቤት ከሚፈልግለት ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያሳየን ኖሮ እኔም ሼር አደርገው ነበር።

የንግሥና ስም ነው ለሚለው። አይደለም። እዚህ ጋ ሦስት ዓይነት ስም ተደበላልቋል። በዛ ዘመን አንድ ሰው ቤተሰቡ የሚያወጣለት የዓለም ስም አለው፣ ሲጠመቅ የሚሰጠው የክርስትና ስም አለው፣ ከነገሠ ደግሞ የንግሥና ስም ይጨመርለታል። ቴዎድሮስ ካሳ ነበሩ፣ ዮሐንስም ካሳ ነበሩ፣ ኃይለ ሥላሴ ተፈሪ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ ጋ ስንመጣ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው። ጣይቱ ግን ከቤት የወጣላቸው ነው፣ አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው የውብዳር፣ ሲያድጉም ጣይቱ ብጡል ተብለው ነው ያደጉት። በ1875 አንኮበር መድኃኔዓለም ከምኒልክ ጋር ቆርበው ሲጋቡ ጣይቱ ነበሩ፣ ያኔ እኮ ምኒልክ ራሳቸው የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም። ዘውድ የጫኑት ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በጥቅምት 1882 እንጦጦ ማርያም ነው፣ ምኒልክ በነገሡ በሁለት ቀን ልዩነት። ጣይቱ የንግሥና ስም ከሆነ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሠላሳ ምናምን ዓመታት ማን ተብለው ሊጠሩ ነው?

የንግሥና ስማቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ ነው፣ ማኅተማቸው ላይም ያለው እሱ ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ። እዚህ ጋ ሁሌ ቆም እላለሁ። ብርሃን የሚለው ቃል ለንግሥት ሲሰጥ የመጀመሪያው አይደለም፣ የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብም የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር፣ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ። ስለዚህ ልማድ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ጣይቱ ለተባሉ ሴት ብርሃን ብሎ ሲጨምርላቸው፣ ካህናቱ የፀሐይን ትርጉም ሳያውቁ ነው ይሄን የመረጡት ብዬ ማመን አልችልም፣ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው እኮ ስም ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው መሰንጠቅ ነው። የማኅተሙን ሦስት ቃል አንድ ላይ ስታነቡት ፀሐይቱ የኢትዮጵያ ብርሃን ይላችኋል፣ አንዱ ከሌላው የሚቀጥል አረፍተ ነገር ነው። የጽሑፉ ጸሐፊ ማኅተሙን አይተውት ቢሆን ኖሮ ትርጉሙን ሌላ ቦታ ባልፈለጉት ነበር።

ሌላ ሰው አይጠራበትም ነበር የሚለውም ልክ አይደለም። የዛን ዘመን የመሳፍንቱን ሴቶች ስም ተመልከቱ፣ ተዋበች የቴዎድሮስ ሚስት፣ ጥሩወርቅ ከተዋበች በኋላ ያገቧቸው፣ የደጃች ውቤ ልጅ፣ ለእቴጌ ጣይቱ የአጎት ልጅ፣ የወሎዋ ወርቂት ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጡ ያሳለፏቸው። ሁሉም ማንም ገበሬ ለልጁ የሚያወጣው ቤት ያፈራው አማርኛ ነው። ከአያቴ ጋር ማኅበር ከሚጠጡት ውስጥ አንዷ እማማ ጣይቱ ነበሩ፣ ጠላቸው የታወቀ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ጎን የሚቀመጡ ሴትዮ። ዘውድ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ካልሆነ አይተው አያውቁም። ስማቸው ግን ጣይቱ ነበር፣ ማንም አልደነቀውም።

ብርቅ ሆኗል ለሚለው። እሱን አልክድም፣ ብርቅ ነው። ልጄ ክፍል ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤትም ሌላ ጣይቱ የለችም። የምቃወመው «ሰው ስለማይወደው ነው» የሚለውን ነው፣ እንደ ማስረጃ የቀረበውንም ነው። አሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው ሊስት በዓመቱ ውስጥ ከአምስት ልጅ በታች የተሰየመበትን ስም አያሳይም፣ የሰው ምስጢር ለመጠበቅ ተብሎ ነው፣ ስለዚህ አራት ጣይቱ ቢወለዱም ሊስቱ ላይ አንድም የለም። በዚያ ላይ እኛ ስሙን በላቲን ፊደል ስንጽፈው አንዱ በዋይ ይጽፈዋል አንዱ በአይ፣ መጨረሻውን አንዱ በዩ ብቻ አንዱ ኦ ጨምሮበት፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ እያንዳንዱን እንደ ሌላ ስም ነው የሚቆጥረው። አገር ቤት ከሆነ የልደት ምዝገባ በሕግ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች ስማችን ያለው የክርስትና ካርድና የቀበሌ መታወቂያ ላይ ነው። ሊስት ላይ የለም ማለትና አይወደድም ማለት በጣም የተለያየ ነገር ነው።

እኔ የማየው ምክንያት ሌላ ነው። ጣይቱ ብቻዋን አልሄደችም። ዘውዲቱስ የት አለች፣ ጠጅቱስ፣ ሻሺቱስ? በቱ የሚያልቀው ስም በሙሉ አብሮ ነው ያለፈው፣ ምክንያቱም የስም ፋሽን የሚለወጠው በየስሙ አይደለም፣ በቅርጹ ነው። የእናቶቻችን ዘመን በ«ነሽ» እና በ«ወርቅ» የሚያልቅ ነበር፣ የኛ ዘመን ሰላም፣ ሕይወት፣ ትዕግሥት፣ ቤተልሔም ሆነ፣ አሁን ደግሞ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ማክዳ ነው፣ አጠር ያለ ለስለስ ያለ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ወይ የወጣ የሚመስል። በዛ ላይ ጣይቱ የራሷ የሆነ ምክንያት አላት፣ ሰው ይፈራታል። ልጄን ጣይቱ ልላት ነው ስል አክስቴ መጀመሪያ ያለችኝ «ስሙ አይከብዳትም ወይ?» ነው። አልጠላችውም እኮ፣ ከብዷት ነው። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 አልቀበልም ብለው የቆሙ፣ መቀሌ ላይ ጣሊያን ምሽግ ውስጥ ሆኖ እምቢ ሲል የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝበት ያደረጉ፣ አድዋ ላይ ከነሠራዊታቸው የተሰለፉ ሴት ስም ነው፣ አንድ ሕፃን ላይ ሲጫን ሰው ቢያመነታ አይፈረድበትም። እኔም ያመነታሁበት ሌሊት ነበር።

ያስወሰነኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ስም ማውጣት የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1879 ፍልውኃው ጋ ወርደው ሲሰፍሩ ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት እሳቸው ናቸው። ሁለት ቃል፣ ሁለቱም ሕፃን ልጅ የሚያውቃቸው፣ የንጉሥ ስም የለበትም፣ የጦር ድል የለበትም። ያዩትን አዲስ አበባ ብለው ጠሩት፣ ይኸው ስንት ሚሊዮን ሰው አድራሻው ላይ ይጽፈዋል። እሳቸውም የወጣላቸው ስም እንደዛው ነው፣ እናት በሩን ከፍታ ያየችው፣ ጣይ። ይሄን ሳስብ ስሙ ከባድ መሆኑ ቀረ፣ የከበዱት እሳቸው ናቸው፣ ስሙ የሁላችንም ነው።

ሰው ስሙን እንደማይጠላው ደግሞ ከልጅ ስም ውጪም ይታያል። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል በ1898 የተሠራ ነው፣ ጥር 2007 እሳት ሲነሳበት አዲስ አበባ ሙሉ «ጣይቱ ተቃጠለ» እያለ ነበር ስልክ የሚደዋወለው፣ የሰው ቤት የተቃጠለ ነው የሚመስለው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋመችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ዓመታት አስቆጥሯል፣ በነገራችን ላይ የመሥራቿም ስም ውስጥ ፀሐይ አለች።

የመጨረሻው፣ ውጪ ለሚያድግ ልጅ ይከብዳል የሚለው። ይሄንን የጻፈው ሰው ለልጆቹ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል፣ ችግሩም የለም አልልም። ልጄ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት አስተማሪዋ ስም ስትጠራ እሷ ጋ ስትደርስ ሁሌ ቆም ትላለች፣ ከዛ «ታይቱ» ትላታለች፣ ልጄም «አቤት» ማለት ትታ ዝም ብላ እጇን ብቻ ታነሳለች። አንድ ቀን ማታ ፀጉሯን ስሠራት «እማ፣ ስሜን የምትጠሪው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። እጄ ቆመ። በዛች ሰዓት ይሄ ጽሑፍ ቢደርሰኝ ኖሮ ሳልስማማ አልቀርም ነበር።

ያዳነን አንድ ቁራጭ ሶፍት ነው። አማርኛ ቋንቋን ለውጪ ሰው የሚያስተምር ዘመዳችን ነው ያሳየን። ሶፍቱን ቀጭን አድርጋችሁ ቀድዳችሁ ከአፋችሁ ፊት ለፊት ያዙትና በእንግሊዝኛ አነጋገር «ታ» በሉ፣ ትንፋሹ ይገፋውና ይወዛወዛል። ከዛ «ጣ» በሉ። እምብዛም አይንቀሳቀስም። ምክንያቱም ጠ ስንል ጉሮሯችን ይዘጋል፣ የምትፈነዳው አፍ ውስጥ የታመቀችው ትንሽ አየር ብቻ ነች፣ ከሳንባ የሚከተላት ትንፋሽ የለም። ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸም እንደዛው ናቸው። ልጄ ይሄን ካወቀች በኋላ ቤቱን በሙሉ በሶፍት ቁራጭ ሞላችው፣ ታ፣ ጣ፣ ታ፣ ጣ፣ አባቷን፣ እኔን፣ የታችኛውን ቤት ሰዎች ሳይቀር አስፈተነች። ሁለተኛ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ሶፍቷን በኪሷ ይዛ ሄደችና ለአዲሷ አስተማሪዋ አሳየቻት። አስተማሪዋ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ የትምህርት ሰዓት ሰጥታ ክፍሉን በሙሉ አሰልፋ አስሞከረች። ልጆች ደግሞ አዲስ ድምፅ ለማውጣት ከኛ ይፈጥናሉ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ ክፍል ጣይቱ ማለት ቻለ፣ የቀሩት «ታይቱ» ይላሉ፣ እሷም አሁን ለሁለቱም አቤት ትላለች።

ደግሞ ይቺ ድምፅ የኛ ብቻ አይደለችም፣ የጆርጂያ ሰዎች አሏቸው፣ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ የናቫሆ ሕዝብ ቋንቋ ውስጥም አለች፣ ከነጭ በፊት ጀምሮ በዚህች ምድር ላይ ሲነገር የኖረ ቋንቋ ነው። አሜሪካ ምላስ ላይ አይቀመጥም የሚባለው የትኛው አሜሪካ እንደሆነ እንጃ። ስሙን ቀለል እናድርገው ብለን ብንተወው ኖሮ ደግሞ ልጄ የምታጣው ስም ብቻ አልነበረም። አያቴ አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጆሮዋም ደክሟል፣ ስልክ ስንደውል እኔን አንዳንዴ ከእናቴ ጋር ታምታታኛለች። ልጄን ግን አትስትም፣ ድምፅዋን ስትሰማ «የኔ ጣይ፣ ወጣሽልኝ?» ነው የምትላት። ልጄ አማርኛዋ ብዙ አይደለም፣ ይቺን ግን አስተርጓሚ አትፈልግባትም፣ «ወጣሁ!» ብላ ትጮህላታለች።

የጽሑፉን ጸሐፊ የምጠይቃቸው ትንሽ ነገር ነው። ይመከራል አይመከርም የሚለው የራሳቸው ሐሳብ ነው፣ ይቆይ፣ በሱ ላይ ሰው ይከራከራል። ትርጉም የሚለው ቦታ ላይ ያለችውን አንድ መስመር ግን ያስተካክሏት፣ «ምናልባት ጣዕም» የሚለውን አውጥተው «ፀሐይ» ይበሉ፣ የንግሥና ስም የሚለውንም ይሰርዙልን፣ ብርሃን ዘኢትዮጵያን እዛ ቦታ ላይ ያስገቡት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።